ዲከረንስንና ባሕር ዛፍን ከድንጋይ ከሰል ጋር አዳብሎ ማንደድ፦ ለጎጃም የቦይለር ባለቤቶችና ለእንጨት አቅራቢ ማኅበራት

ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ወደ ዳንግላ የተጓዘ ሰው በመንገዱ ዳር የሚደረደረውን የከሰል ጆንያ ያውቀዋል። ጆንያ ውስጥ የሚገባው የዲከረንሱ፣ ማለትም ገበሬው ማሳው ላይ የሚተክለው የግራር ዘመድ ዛፍ፣ ግንድ ነው። ቀጭኑ ቅርንጫፍና ጫፉ ከፊሉ ለቤት ማገዶ፣ ከፊሉ ለከሰሉ ክምር መሸፈኛ ይሆናል፤ የቀረው እዚያው ማሳው ላይ ይበሰብሳል። በሌላ በኩል በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር እንፋሎት የሚፈልግ ፋብሪካ የድንጋይ ከሰል ልጠቀም ቢል ከሩቅ አስጭኖ ማምጣት አለበት። ይህ መመሪያ የሁለቱን ጉዳይ ለማገናኘት ነው፦ የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ቦይለር ላለውና ከሙቀቱ የተወሰነውን ከእንጨት ማግኘት ለሚፈልግ፣ እንዲሁም እንጨቱን ለሚያቀርብለት ማኅበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለቦይለር ተብሎ እንጨት አይከሰልም። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው አሠራር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ከነበረው ሙቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ከሰል ለከተማ ማዕድ ቤት የሚመረጠው ስለማይጨስና ለማጓጓዝ ስለሚቀል ነው። ጭስ ማውጫ ላለው ቦይለር ግን ጥሬው እንጨት ይበቃዋል፤ መድረቅ ግን አለበት። ከዚህ በኋላ «ከሰል» ብቻ ስል የድንጋይ ከሰሉን ማለቴ ነው።

1. መጀመሪያ ምድጃውን እዩ

የድንጋይ ከሰል ቦይለር በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። በእጅ በአካፋ እየተሞላ በቋሚ ፍርግርግ ላይ የሚያነድ አለ። ፍርግርጉ እንደ ሰንሰለት እየተንቀሳቀሰ ከሰሉን ወደ ውስጥ የሚወስድ አለ፤ ሠራተኞች ቼን ግሬት ይሉታል። ሦስተኛው ከሰሉን እንደ ዱቄት ፈጭቶ በአየር የሚነፋው ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃም በዚህ መልኩ ይሠራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። በሦስተኛው እንጨት አትሞክሩ፤ የከሰል ወፍጮ የእንጨትን ጭረት አይፈጨውም፣ ያድበለብለዋል፣ ብናኙም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለዚያ የተለየ መሣሪያና የተለየ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን የሚለቀው)፣ የውኃ መጠን ማሳያው መስታወትና የግፊት መለኪያው በትክክል የማይሠሩ ከሆነ ስለ እንጨት ማሰብ ገና ነው።

ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት በድንጋይ ከሰል ብቻ እየሠራችሁ መዝግቡ፦ በቀን ስንት ኪሎ ከሰል ገባ፣ በቆጣሪ ስንት ሊትር ውኃ ወደ ቦይለሩ ገባ፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ስንት ነበር። አንድ ኪሎ ከሰል ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያፈላ ካላወቃችሁ በኋላ እንጨቱ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ኦፕሬተሩ «ዛሬ እሳቱ ሰነፈ» ይላል፣ ሂሳብ ክፍሉ «ወጪው ቀንሷል» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ለደጋው አገር የሚሆን አንድ ማሳሰቢያም አለ። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው የሚነፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው ኦክሲጅን በሩብ ያህል ይጎድላል። ለባሕር ጠለል ተሠልቶ የመጣ ማራገቢያ በከሰል ብቻ እንኳ እያቃሰተ ከሆነ እንጨት ሲጨመርበት ጥቁር ጭስ ይጀምራል። ስለዚህ የማራገቢያው አቅም ትርፍ እንዳለው አስቀድማችሁ አጣሩ።

2. እንጨት መምረጥ

የሚሆነው፦ የዲከረንስ ቅርንጫፍና ቀጭን ግንድ፣ ለአጣና ወይም ለቋሚ የማይሆን ጠማማ ባሕር ዛፍ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ቁርጥራጭ። ሳጋቱራ በራሱ ፍርግርግ ላይ አይቆምም፤ ወይ በቀዳዳው ይወድቃል ወይ በማራገቢያው ተነስቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ካልተጠፈጠፈ በቀር ተዉት።

የማይሆነው፦ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ቺፑድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሮጌ የመብራትና የስልክ ምሰሶ። ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው በመድኃኒት የተነከረ ነው፤ ከመድኃኒቶቹ አርሴኒክ ያለበት አለ፣ ሲቃጠልም ከፊሉ በጭሱ፣ ከፊሉ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ርካሽ ስለሆነ የሚያመጣላችሁ አይጠፋም፤ መልሱት።

የባሕር ዛፍ ቅርፊት ቢላጥ ይሻላል። የተላጠ እንጨት አመዱ ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ቅርፊት ግን ብዙ እጥፍ አመድ አለው፣ መሬት ላይ ሲጎተት የያዘውም አፈር አለ። አፈሩ እሳት ውስጥ ቀልጦ ፍርግርጉ ላይ ይጋገራል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንጅባራ ባለችበት በአዊ ዞን የዲከረንስ ደን ላይ የገባው የዝገት በሽታ ብዙ ማሳ አድርቋል። ቆሞ የደረቀው ዛፍ ለቦይለር ጥሩ ማገዶ ነው፤ ቶሎ ካልተቆረጠ ግን ይበሰብሳል። ስትቆርጡ ቅጠሉንና ለጋ ጫፉን እዚያው ተዉት፤ በሽታው ወዳልደረሰበት ቀበሌ ጭናችሁ አትሂዱ።

3. ማድረቅ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ያ ውኃ ምድጃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ መትነን አለበት፤ የሚተንነው ደግሞ ከእንጨቱ ራሱ በሚወጣ ሙቀት ነው። ፈጽሞ ውኃ የሌለው እንጨት በኪሎ 18.5 ሜጋጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ያህል ይሰጣል። 20 በመቶ ርጥበት ያለው 14.3 ይሰጣል፤ 30 በመቶ ያለው 12.2፤ 50 በመቶ ያለው 8 ብቻ። ጥሩ የድንጋይ ከሰል 25 ያህል፣ ዝቅ ያለ ጥራት ያለው ደግሞ 18 እና ከዚያ በታች ይሰጣል።

ዒላማችሁ 20 በመቶ ይሁን። በአዊ ዝናቡ ከባድና ረጅም ስለሆነ ጊዜውን ማስላት ግድ ነው፦

ክረምቱ እንደወጣ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ቁረጡ። ዛፉ ከወደቀ በኋላ ቅርንጫፉን ወዲያው አትመልምሉት፤ ከነቅጠሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛ። ቅጠሉ እስኪጠወልግ ድረስ ከግንዱ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያወጣል። ሲመለመል ቅጠሉ ማሳው ላይ ይርገፍ፤ ዲከረንስ ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚያስገባ ዛፍ ስለሆነ ቅጠሉ ከማገዶነቱ ይልቅ ለሚቀጥለው ጤፍ ይጠቅማል።

ከዚያ በአንድ ሜትር ቁረጡት፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወፍረውን ፍለጡት። ያልተፈለጠ ወፍራም ግንድ በአንድ በጋ አይደርቅም፤ ቅርፊቱ ውኃውን ይዞ ያስቀረዋል። ከታች ሁለት አጣና አጋድማችሁ ከመሬት አንሡና ደርድሩት፤ የክምሩ ሰፊ ጎን ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ ይሁን። ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ብዙ ሰው ሸራ ጠቅልሎ እስከ መሬት ያለብሰዋል፤ ያ ውኃውን ማፈን ነው፣ ሸራውን ስትገልጡት ሻጋታ ታገኛላችሁ። እስከ ሚያዝያ ይቆይና የበልጉ ዝናብ ሳይበረታ ወደ መጠለያ ይግባ።

ርጥበቱን የምትለኩት እንዲህ ነው። ከክምሩ ላይ፣ መሐልና ታች አምስት ያህል እንጨት ምዘዙ። ከየእንጨቱ መሐል ቀጭን ቁራጭ በመጋዝ ውሰዱ፤ ከጫፉ አትውሰዱ፣ ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። ቁራጮቹን በአንድነት መዝኑ። ከዚያ ሙቀቱ 103 ወይም 105 ዲግሪ ላይ በሚቆም ምድጃ ውስጥ 24 ሰዓት አስቀምጡና እንደገና መዝኑ። የቀነሰውን ለመጀመሪያው ክብደት አካፍሉ። 800 ግራም ገብቶ 640 ግራም ከወጣ፣ 160 ለ800 ሲካፈል 20 በመቶ ነው።

ሁለት ሹል መርፌ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ለዕለት ሥራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚያሳዩት ውኃውን ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር አነጻጽረው ነው። መለኪያው 25 ካለ፣ በእኛ ስሌት 20 ማለት ነው። ገዥና ሻጭ በየትኛው እንደሚለኩ ውል ላይ ካልጻፉ ጭነቱ በር ላይ ሲደርስ ይጣላሉ።

በር ላይ ያለውንም ልጨምር። «አባት፣ ይኼ መቼ የተቆረጠ ነው?» ሲባሉ «ለጥምቀት ነው ልጄ፣ ደርቋል እኮ፣ ስማው!» ብለው ሁለት ፍልጥ ያጋጩላችኋል፤ ቃ ይላል። የሚጮኸው የደረቀው ላይኛው ነው። መጥረቢያ አምጥታችሁ አንዱን ፍልጥ መሐል ለመሐል ክፈሉትና አዲሱን ገጽ ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ነው። ሽማግሌውም አብረው ቢያስነኩት ክርክሩ ይቀራል።

4. መቁረጥና መክተፍ

በእጅ ለሚሞላ ምድጃ ክንድ የማይሞላ ርዝመት፣ የእጅ አንጓ ውፍረት ያለው ፍልጥ ይበቃል። ለቼን ግሬት ግን በመክተፊያ ማሽን ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ ከከሰሉ መጠን ጋር መቀራረብ አለበት። ከማሽኑ በፊት ሚስማርና ሽቦ ይለቀም። የሚከተፈው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ርጥብ ስንጥር (የተከተፈው እንጨት) ተከምሮ ይግላል እንጂ አይደርቅም።

5. የድብልቁ ስሌት

ድብልቅ በኩንታል አይሠላም፤ በሙቀት ነው። ምሳሌ ልስጥ።

ፋብሪካው በአንድ ፈረቃ 10 ኩንታል ጥሩ የድንጋይ ከሰል ያነዳል እንበል። 1,000 ኪሎ ሲባዛ በ25፣ 25,000 ሜጋጁል ነው። ከዚህ 10 በመቶውን፣ ማለትም 2,500 ሜጋጁል፣ ከእንጨት ማግኘት ትፈልጋላችሁ። በ20 በመቶ ርጥበት 2,500 ሲካፈል ለ14.3፣ 175 ኪሎ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ 9 ኩንታል ከሰልና 1 ኩንታል ከ75 ኪሎ እንጨት። እንጨቱ ርጥብ፣ 50 በመቶ ውኃ ያለው ቢሆን ግን ከ310 ኪሎ በላይ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 155 ሊትሩ ውኃ ነው። ቦይለሩ እንፋሎት የሚያወጣው ከቧንቧው ውስጥ እንዲሆን ከተፈለገ ያንን ውኃ ከበር መመለስ ነው።

ዋጋውም በዚሁ ይወጣል። 14.3 ለ25 ሲካፈል 0.57 ነው። የደረቀ እንጨት ኩንታሉ ከጥሩ ድንጋይ ከሰል ኩንታል ዋጋ 57 በመቶ በላይ ከተጠራ አትግዙ። ከዚያም ላይ የመክተፊያውንና የተጨማሪውን ጉልበት ወጪ ቀንሱ። ለርጥቡ ጣሪያው 32 በመቶ ነው። የምታነዱት ከሰል 18 ሜጋጁል የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ደረቁ እንጨት እስከ 79 በመቶ ያወጣል። አቅራቢ ማኅበራትም ይህን ስሌት ያዙት፤ አድርቆ ማቅረብ ዋጋ የሚያስጨምር ሥራ መሆኑን ገዥው በራሱ ቁጥር እንዲያየው ያደርጋል።

ስፋቱን አትርሱ። አንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ከሰል 800 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሜትር ኩብ ስንጥር 220 ኪሎ ያህል ነው። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ አይሱዙ በስንጥር ሞልቶ የሚያመጣው 4.4 ቶን ነው፤ ሙቀቱ 2.5 ቶን ከሰል ያህል። መኪናው ይሞላል እንጂ አይከብደውም፣ ነዳጁን ግን ይጠጣል። ስለዚህ ቡሬ ያለ ፋብሪካ ከአዊና ከአካባቢው ወረዳዎች ቢገዛ ያዋጣዋል፤ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ የሚመጣ ስንጥር ግን ለሾፌሩ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

6. ማንደድ

መጀመሪያ በሙቀት 5 በመቶ ጀምሩ፤ ጥቂት ቀን አይታችሁ ወደ 10 ውጡ። በፍርግርግ ምድጃ 20 በመቶን አትለፉ ባይ ነኝ። ምክንያቱ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ የድንጋይ ከሰል አመድ ፍርግርጉን ከእሳቱ እንደ ልብስ ይሸፍነዋል፤ እንጨት አመዱ ጥቂት ስለሆነ ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ ይቃጠላል።

እሳቱን በከሰል ብቻ አንሡ፤ ፍሙ ከተስተካከለ በኋላ ድብልቁን አስገቡ። ለቼን ግሬት ድብልቁን ወለል ላይ ከሰል፣ ስንጥር፣ ከሰል፣ ስንጥር እያላችሁ ደርቡና ከጎን ወደ ጎን በአካፋ እየቆረጣችሁ ጫኑት። ከሰሉንና ስንጥሩን ለየብቻ ወደ ማጠራቀሚያው ብትጥሉት ብናኙ ከሰል ወደ ታች ይሰርጋል፣ ስንጥሩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ፍርግርጉ በአንድ ወገን እንጨት፣ በሌላው ከሰል ያነዳል። ማጠራቀሚያውም እስከ አፉ አይሞላ። እንጨት ከከሰል ቀድሞ ስለሚቀጣጠል እሳቱ ወደ ኋላ ተጉዞ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የውኃ ቧንቧ አጠገቡ ይዘጋጅ።

በእጅ ስትሞሉ በትንሽ በትንሹ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጨምሩ። ፍሙን በሙሉ በእንጨት ከሸፈናችሁት ጋዙ ሳይቃጠል ይጠራቀምና በሩን ስትከፍቱ ነበልባሉ ወደ ፊት ይወረወራል። በር ከመከፈቱ በፊት የታችኛው ማራገቢያ ይቀነስ፤ የሚሞላውም ሰው ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም።

አየሩ ላይ አተኩሩ። ደረቅ እንጨት ሲሞቅ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይነሣና ከፍርግርጉ በላይ ይቃጠላል፤ የድንጋይ ከሰል ግን አብዛኛው እዚያው ፍርግርጉ ላይ ነው የሚነደው። ስለዚህ ከታች የሚገባውን አየር ጥቂት ቀንሱና ከላይ፣ ከነበልባሉ ጎን የሚገባውን ጨምሩ። ጭሱ ከጠቆረ የላይኛው አየር አልበቃም። ከነጣና የጭስ ማውጫው ሙቀት ከወረደ እንጨቱ ርጥብ ነው። የጭስ ማውጫው ሙቀት በየቀኑ ቀስ እያለ እየወጣ ከሄደ ቧንቧዎቹ ጥቀርሻ ይዘዋል፤ ጥረጉ።

ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የመዘገባችሁትን ቁጥር አውጡና አነጻጽሩ።

7. ማከማቸት

ስንጥር ከ3 ሜትር በላይ አትከምሩ፣ ከአንድ ወር በላይም አታሳድሩ፣ በላዩም መኪና አይሂድበት። ውስጡ ያሉ ደቂቅ ነፍሳት ሲበሉት ይግላል። ረጅም ብረት ክምሩ ውስጥ ሰክታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ አውጡት፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ክምሩን በትኑት። ከድንጋይ ከሰሉ ክምር ጋር አይነካካ፤ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ከሰልም በራሱ ይግላልና። በተዘጋ የስንጥር መጋዘን ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል፤ በሩ ተከፍቶ አየር ሳያገኝ ሰው አይግባ።

8. ፈቃድና ችግኝ

በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 መሠረት የደን ውጤት ያለ ማጓጓዣ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ከወረዳው የተሰጠውን ወረቀት ሾፌሩ ይያዝ፤ ቅጂው ከክብደት ደረሰኙ ጋር ፋብሪካው ዘንድ ይቀመጥ። ከተፈጥሮ ደን ወይም ከደብር ደን የመጣ እንጨት በፈቃድም ቢሆን አትቀበሉ።

አንድ ኩንታል ጥሩ የድንጋይ ከሰል ሲነድ ወደ 240 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በእንጨት ስትተኩት ይህ ይቀራል የሚባለው የተቆረጠው ዛፍ ከተተካ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዲከረንስ ግን በጉቶው አይታመንም፤ ችግኝ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውሉ ላይ የሚተከለው ማሳ ይጻፍ። በእንግሊዝ አገር ድራክስ የተባለው ትልቅ የኃይል ማመንጫ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ በአንድ አራት ክፍሎቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ እንጨት ቀይሯል። እንጨቱ በብዛት የሚመጣለት አትላንቲክን ተሻግሮ ከሰሜን አሜሪካ ስለሆነ፣ ደኑ በእርግጥ ተተክቷል ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለቀቀውም። እናንተ ማሳውን በእግራችሁ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

9. አመዱ

የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ ፍለጋ እንደሚንከራተት ሁላችንም እናውቃለን። ንጹሕ የእንጨት አመድ ኖራን በከፊል ይተካል። ከድንጋይ ከሰል ጋር የተቀላቀለ አመድ ግን ማሳ ላይ አይወጣም፤ ከከሰሉ የሚመጡ ከባድ ብረቶች አሉበት። ስለዚህ ሁለት ቦይለር ያለው ፋብሪካ አቅሙ ከፈቀደ አንዱን ትንሹን በእንጨት ብቻ ቢያነድ አመዱን ለአቅራቢዎቹ መመለስ ይችላል። ድብልቁን አመድ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ በተዘጋጀ ጉድጓድ አኑሩት።

ንጹሑን የሚወስድ ገበሬ ካለ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ዝናብ ሳይነካው ይስጡት፤ ዝናብ የመታው አመድ ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን እንዳይበትነው ንገሩት፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋበታል። ድንች ሊተክልበት ባሰበው ማሳ ላይም አይበትን፣ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክረው የእከክ በሽታ አሲዱ በቀነሰ አፈር ይበረታል። ለጤፍ፣ ለገብስና ለስንዴ ማሳ ግን ከመዝራቱ ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ በትኖ ቢያርሰው ጥሩ ነው።